እሁድ እንዳይደርስ

ጭሮ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ አባይነሽ፣ ጅቡቲ፤

የጌታ ሰላም በገባሽበትም በወጣሽበትም ይከተልሽ። የወደቡ ሙቀት ጨርሶ እንዳላቀለጠሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን። የብየዳ ሥራዬም አልተጓደለም፤ በዚህ ወር ብቻ አራት የግቢ በር ሠርቼ አስረክቤያለሁ።

በስልክ ያላወራሁሽ በምክንያት ነው። ቤታችን አንድ ክፍል መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የልጄ የእሴት ጆሮ ደግሞ የጉድ ነው፣ ተኝታ እንኳ ትሰማለች። ስለዚህ የእሷን ነገር በወረቀት እናድርገው። ሚኤሶ ሻይ ከምትሸጠው ሀሚዳ ዘንድ አስቀምጠዋለሁ፤ የከባድ መኪናው ሹፌር ዓሊዩ ሲያልፍ ይወስደዋል። መልሱንም በእሱ ላኪው።

አሁን ወደ ምሥራቹ ልግባ። ልጄ ኪቦርድ ይዛለች። ፌኔት ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንቺ ለቀብር መምጣት ስላልቻልሽ ያኔ ያልኩትን አልሰማሽም። በጉባኤው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ «የባለቤቴ ወንበር ባዶ አይቀርም፤ በመዘምራኑ ሃያኛ ዓመት በዓል ልጇ ትቀመጥበታለች» ብዬ ቃል ገባሁ። ሕዝቡ አሜን አለ። በዓሉ መጋቢት 14 ነው፣ አምስት ወር ቀርቶናል። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በየእሁዱ ምእመኑ እየሳመ «መቼ ነው እናትሽን የምትተኪው?» ይላታል። እሷም አንገቷን ትደፋለች፤ ትሑት ልጅ ናት።

የፌኔት ኪቦርድ አርጅቶ ሦስት ቁልፎቹ ድምፅ አይሰጡም። እዚያ በደህና ዋጋ ይገኛል ይላሉ። ከሆነልሽ ብታስቢበት ብዬ ነው።

አክባሪ ወንድምሽ ገመዳ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገመዳ፤

ጉልበትህን፣ ዓይንህን ከብየዳው ብልጭታ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ልብህን ጌታ ይጠብቅልህ። እኔ አለሁ። ምሳ ቤቱ ለመቶ ሃያ የወደብ ሠራተኛ ያበስላል፤ ከእሳቱና ከፀሐዩ የትኛው እንደሚያቃጥለኝ መለየት ትቻለሁ።

ኪቦርዱን ልኬልሃለሁ። ዓሊዩ በፍራሹ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ጀርባ አስቀምጦታል። ስለ ዋጋው እንዳታነሳብኝ፣ አክስት ነኝ።

ግን ገሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዓሉ አለ፣ ጉባኤው አለ፣ ነፍሷን ይማርና ፌኔት አለች። እሴት ምን እንደምትል ግን አንድም መስመር የለም። ትወደዋለች ወይ? በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጣለች? ስትሳሳት ምን ትላታለህ? አንገቷን መድፋቷን ትሕትና ነው ብለሃል። እኔም በእሷ ዕድሜ አንገቴን እደፋ ነበር፣ ትሑት ግን አልነበርኩም። ቃል መግባትህ ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ማንም አልጠየቀህም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ለበዓሉ የምትለማመደውን ሳይሆን ራሷን ደስ የሚላትን ስትጫወት ቀርጸህ ላክልኝ። አክስትሽ አዳዳ መስማት ትፈልጋለች በላት።

እህትህ አባይነሽ


ጭሮ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አባይነሽ፤

እጅሽ አይንጠፍ። ኪቦርዱ ጭረት ሳይነካው ደረሰ። ዓሊዩ ከመኪናው ሲያወርደው እንደ ሙሽራ አድርጎ ነው የያዘው።

ለጥያቄዎችሽ መልስ ይኸው። ጠዋት ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመዘምራኑ አንዱ መጥቶ ያሳያታል፤ በቀረው ቀን እኔ አጠገቧ ነኝ። መጫወት ባልችልም ስህተት ሲሰማኝ አውቃለሁ። ትወደዋለች ወይ ላልሽው እንጃ። እኔም ብየዳ ስጀምር አልወደድኩትም፣ አሁን እንጀራዬ ነው።

ደስ የሚላትን ያልሽው ግን አልገባኝም፤ ለዋዛ ፈዛዛ ጊዜ የለንም። የበዓሉን መዝሙር ቀርጬ በሚሞሪ ልኬልሻለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ተሳስታለች።

አሁን የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው። ሰሞኑን ሰውነቷ ከብዷል፣ «ሆዴን አመመኝ» እያለች ትሰንፋለች። አንቺ በልጅነትሽ የታወቅሽ ዘማሪ ነበርሽ፤ ሁለት መስመር ቁጣ ጻፊላት። ያንቺን ቃል ታከብራለች። አባባ እጅሽን ይዞ ወደ መሰላ፣ ወደ ቦኬ ጉባኤ ሲወስድሽ ትዝ ይለኛል። እኔ በር ላይ ቆሜ እቀና ነበር። እኔን አንድም ቀን እጄን ይዞኝ አያውቅም። ለልጄ እንዲህ አይነት አባት መሆን ነው የምፈልገው።

ገመዳ


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገመዳ፤

ሰላም ለአንተም ለእሷም ይሁን።

ሰማሁት። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ማቆሚያውን የነካህ መስሎህ ነው እንጂ ስልኩ መቅረጹን አላቆመም። «ሦስተኛው ቤት ላይ ምን ብዬሽ ነበር?» ትላታለህ። «ጣትሽን» ትላለህ። ከዚያ የብረት ማስመሪያህ ሦስት ጊዜ ይሰማል። ከዚያ «ይቅርታ አባ» አለች። እየቆጠርክ ከመጀመሪያው አስጀመርካት።

ዘጠኝ ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት፤ በዚያ ቀን ወጡን አሳረርኩ፣ ሠራተኛው ሁሉ አጉረመረመ። መጀመሪያ የአንተ ድምፅ አልመሰለኝም ነበር። የአባባ መሰለኝ።

ቁጣ ጻፊላት ብለሃል። እሷን የምቆጣበት ነገር የለኝም። የምቆጣው አንተን ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ሲሉ እየሰማህ አይደል ያደግኸው? ማስመሪያውን ወደ ብረት ቤትህ መልሰው፣ ጠዋት ትተኛ። ሆዷን የሚያማት ስንፍና አይደለም፣ አንተን ፈርታ ነው። ወንድሜ፣ እለምንሃለሁ።

አባይነሽ


ጭሮ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አባይነሽ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልጅ ያላሳደገ ሰው ምክር አይቸግረውም።

ሙት ወቀሳ አይወድም፤ አባባን አታንሺብኝ። ባለቤቴን ቀብሬ፣ እሳት አጠገብ ውዬ፣ ምሳዋን ቋጥሬ፣ ልብሷን አጥቤ ነው የማሳድጋት። ማስመሪያ ያልሽው ለመቀስቀስ ያህል ነው እንጂ ቆዳዋ እንኳ አልቀላም።

ያለንበትን አታውቂም። ብቻዋን ስትሆን ትጫወታለች፤ ሰው ፊት ግን ጣቷ ይደርቃል። ባለፈው ሳምንት መዘምራኑ ሊሰሟት ቢቀመጡ እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ፣ አንድ ድምፅ አላወጣችም። የፍርሃት መንፈስ ነው ብዬ ሦስት ቀን እስከ ሰባት ሰዓት አስጾምኳት፣ እጇ ላይ አስጸለይኩላት። ሽማግሌው ነጋሽ «ልጅቷ ጸሎት ሳይሆን እንቅልፍ ነው የጎደላት» አለኝ። እሱም እንዳንቺው ነው።

ቃሌን በሰው ፊት ሰጥቻለሁ፣ አላጥፈውም። በዓሉ እስኪያልፍ ባትጽፊ ደስ ይለኛል።

ገመዳ


ጅቡቲ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገሜ፤

አትጻፊ ብትለኝም ይህ ሦስተኛዬ ነው። ሀሚዳ ሁለቱን «ገመዳ አልወሰደም» ብላ በዓሊዩ መልሳ ላከችብኝ። ለእሴት የተጠለፈ ሹራብ ልኬያለሁ። እኔን ተወኝ፣ ሹራቡን ግን ስጣት።

አባይነሽ


ጭሮ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ሰላምታውን ዛሬ ማሪኝ፣ አልቻልኩም።

እሴት አደጋ ደረሰባት። ሐሙስ መጋቢት 11 ከሰዓት በኋላ የግቢያችን የብረት በር ቀኝ እጇ ላይ ተዘጋ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጠቋሚና መካከለኛ ጣቶቿ ተሰበሩ። ይዣት ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ፣ አስተካክለው አሰሩላት። ነፋስ ነው የዘጋው። ለሐኪሙም፣ ለጉባኤውም ነፋስ ነው አልኩ።

አላለቀሰችም። አጥንቱን ሲያስተካክሉላት እንኳ አላለቀሰችም። ቤት ስንመለስ እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ተኛች፤ እንዲህ ስትተኛ ካየኋት ቆይቷል። በዓሉ ያለ እሷ ተከበረ። የፌኔት ወንበር ላይ አበባ አስቀመጡበት።

ሐኪሙ መካከለኛው ጣት እንደ ድሮው ላይታጠፍ ይችላል ብሎኛል። እዚያ የአጥንት ነገር የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቂልኝ። ባለፈው ስለጻፍኩልሽ አፍሬያለሁ። ሹራቡን ሰጥቻታለሁ፣ አታወልቀውም።

ገመዳ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፤

ጌታ በዚያች ትንሽ እጅ ላይ እጁን ይጫንባት። ምሳ ቤታችን የሚመጣ ነርስ ጠየቅሁልህ፤ ማሰሪያው ሲፈታ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ በየቀኑ ቀስ እያለች ታንቀሳቅሰው፣ የሚያማት ከሆነ ታቁም፣ አትጎትቱት ብሏል።

አሁን የምጽፍልህን ተቀምጠህ አንብበው። የሠራኸው በር እንኳን ነፋስ በሬ አይገፋውም እያልክ ነበር የምትኩራራው። በዓሉ እሁድ፣ በሩ ሐሙስ። ሦስት ቀን ሲቀረው። ደግሞም ተኛች ብለሃል።

ጠይቃት። ፊት ለፊቷ አትቁም፣ አጠገቧ ተቀመጥ። ከጠየቅክ በኋላ ዝም በል፤ ምንም ብትል አትቁረጣት። እኔ ልጅ ባላሳድግም ልጅ ነበርኩ።

አባይነሽ


ጭሮ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

ጠየቅኋት።

እንዳልሽኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ ግድግዳውን እያየች፣ «እኔ ነኝ የዘጋሁት» አለች። ለምን አልኳት። «እሁድ እንዳይደርስ ብዬ» አለች።

አለቀሰች ብዬ ብጽፍልሽ ይቀለኝ ነበር፣ አላለቀሰችም። ስለ ጠፋ ደብተር እንደምትናገር ነው የተናገረችው። ከዚያ «አባ፣ ትመታኛለህ?» አለችኝ። ጣቷ ተሰብሮ ሳለ እመታት እንደሆን ጠየቀችኝ።

ወጥቼ ብረት ቤቱ ውስጥ ቆለፍኩና እንደ እብድ ጮኽኩ። እኔ ነኝ የሰበርኳት። በገዛ እጇ ሰበርኳት። ፌኔት በሕይወት ሳለች ሁለቱ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ እዚህ ሆኜ ይሰማኝ ነበር። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፣ በክርኗ ሁሉ ትመታው ነበር፤ እናቷ አንድም ቀን «ተሳሳትሽ» ስትላት አልሰማሁም። ያን ሳቅ የገደልኩት እኔ ነኝ። ፌኔትን እንዳልረሳት ብዬ ያደረግሁት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰው «ገመዳ ጎበዝ፣ ብቻውን አሳደጋት» እንዲለኝም ፈልጌ ነው።

ትንሣኤ አለፈ፣ አላከበርነውም። ኪቦርዱን ልሽጠው ወይ ብላት «እንደፈለግህ» አለች። የምትበላውንም፣ የምትለብሰውንም «እንደፈለግህ» ትላለች። ቤት ውስጥ ስገባ ትነሣለች። ይህን ያስተማርኳት ሥርዓት መስሎኝ እኮራበት ነበር።

ልጅ ያላሳደገ ያልኩሽን ይቅር በይኝ። ምንም እንድትልኪልኝ አልፈልግም። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ብቻ ንገሪኝ። ልጄን እያየኋት እያጣኋት ነው።

ገመዳ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገሜ፣ የእናቴ ልጅ፤

ይቅር ካልኩህ ቆይቷል። ለራስህ ግን ቶሎ ይቅር አትበል፣ ትንሽ ይሰማህ።

አባባ እጄን ይዞ ሲወስደኝ ትቀና እንደነበር ጻፍክልኝ። እጄን የሚይዘው እንዳልሸሽ ነበር። ዜማ ከሳትኩ መንገድ ላይ አቁሞ ጆሮዬን ይመታኝ ነበር፤ ግራው እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም፣ ያንተን ቀረጻ የሰማሁት በቀኙ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ድምፄ ጠፋ አልኩ። ማር አጠጡኝ፣ ጸለዩልኝ። አልጠፋም ነበር። እንደ እሴት እኔም በሬን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ዘምሬ አላውቅም።

በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ሴት ብቻ ትዝ ትለኛለች። ቦኬ ለጉባኤ ስንሄድ ያሳደረችን ሴት ናት። አባባ ወጣ ሲል፣ «አንቺ ራስሽ ምን መዝፈን ትወጃለሽ?» አለችኝ። ልጃገረዶች ውኃ ሲቀዱ የሚሉትን የኦሮምኛ ጨዋታ ጀመርኩላት። ግማሹን ረሳሁት፤ እሷም የራሷን ቃል ጨመረችበት፣ ሁለታችንም ተሳሳትን፣ ሳቀች። ያን ያህል ነው። ዘፋኝ ነኝ ብዬ ያመንኩት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ምን ላድርግ ብለሃል። መጀመሪያ ቃልህን ወደሰጠህበት ቦታ ሂድና መልሰህ ውሰደው። የሰጠኸው የራስህን አልነበረም። ኪቦርዱን አትሽጠው፣ አትደብቀው። ተጫወቺ አትበላት፣ አትጫወቺም አትበላት። እናትሽ የሚለውን ቃል ከሙዚቃው ጋር አታገናኘው፤ እናቷን በሌላ ነገር አስታውሳት። ትምህርት ከሆነ አንተ ተማር፣ እሴት ትረፍ።

ወደ ሙዚቃው ትመለሳለች ብዬ በውሸት ተስፋ አልሰጥህም። እኔ አልተመለስኩም። ብትመለስም ባትመለስም ልጅህ መሆኗን ከአንተ ትስማ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

አባይነሽ


ጭሮ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አባይነሽ፤

ጤናሽን እየጠየቅሁ፣ ያችን የቦኬዋን ሴትም በሕይወት ካለች ጌታ ዕድሜዋን ያርዝመው እላለሁ።

ለመጻፍ የዘገየሁት የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። ቃሌን መልሻለሁ። ግንቦት መጨረሻ በጉባኤው ፊት ቆሜ፣ «ልጄ ለማንም ምትክ አይደለችም፤ በሩንም ነፋስ አልዘጋውም፣ የእኔ ጭካኔ ነው» አልኩ። በዚህ ጊዜ አሜን ያለ የለም። ነጋሽ ብቻ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በር ያዘዘኝ አንድ ምእመን ትእዛዙን ሰርዟል፣ አልፈረድኩበትም። ቤት ገብቼ ለእሴት ነገርኳት፤ «ብትጫወቺም ባትጫወቺም ልጄ ነሽ» አልኳት። «እሺ» አለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ኖርን። ጠዋት ትተኛለች። እጇን ለብ ባለ ውኃ እናሻለን፤ መካከለኛው ጣት እስከ ግማሽ ነው የሚታጠፈው። ኪቦርዱ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል፣ በአጠገቡ ስታልፍ ዞራ ነው የምታልፈው። ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ አንቺ እንዳልሽው ራሴ ልማር ብዬ ተቀመጥኩ። ብየዳ በበላው ጣቴ አንዷን የልጆች መዝሙር ፍለጋ ጀመርኩ። አንዱን ስነካ ሁለት ይጮኻል። እሴት ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ያንኑ ቦታ አምስት ጊዜ ሳትኩት። ያ ጆሮዋ አልቻለም መሰለኝ፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በግራ እጇ አንድ ቁልፍ ጠቆመችኝ። ነካሁት፣ ልክ ነበር። ቀጣዩን ጠቆመችኝ፣ እሱም ልክ ነበር። ከደስታ ብዛት ቸኮልኩና ጣቴ ሌላ ላይ አረፈ።

እትዬ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እጇን በብብቷ ሥር የደበቀችው እሷ ናት።

ሁለቱንም ደብቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። «አልመታሽም» ልላት ፈለግሁ፤ ግን ከእኔ አፍ ቢወጣ ለምን ታምነኛለች? ዝም ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እንደገና ተሳሳትኩ፣ እንደገና ደበቀች።

ይኸው አሥራ ሰባት ቀን ሆነን። ከሥራ ስመለስ እቀመጣለሁ፤ ትመጣለች፣ እሳሳታለሁ፣ እጇን ትደብቃለች። መማሩን ትቼዋለሁ፣ አሁን የምቀመጠው ለመሳሳት ነው። ትናንት የደበቀችው የተሰበረውን እጇን ብቻ ነው።

ወንድምሽ ገመዳ